ኒኬል እምቢ ያለው ክንድ

ካይሮ፣ ባብ ኤል ኸልቅ
ማርች 12 ቀን 1984

ለተከበሩ ሲት ኢንሽራህ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከአስዋን የላኩት ጥቅል ትናንት ደረሰኝ። የሸክላ ማጫወቻው ክንድም፣ መርፌው የሚሰካበት ክብ ራስም በሰላም ገብተዋል። ክንዱን በሱፍ ካልሲ ውስጥ ከተው በመላክዎ ሳቅሁ፤ በዚህ ሥራ አርባ አራት ዓመት ስኖር ካልሲ ለብሶ የመጣልኝ ደንበኛ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄዎችዎን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እንደ ድሮው ይሆናል። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ክንድ አሁን የሚሠራም የለም። ናሱ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ልብሱ ነው። ኒኬሉ ከፊሉ ተልጧል፣ ከፊሉ ጠቁሯል፤ አንገቱ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልቆ ቢጫው ናስ ወጥቷል። እዚያ ቦታ ላይ የአንድ ሰው አውራ ጣት ለብዙ ዓመታት ሲያርፍ እንደኖረ ያስታውቃል። የማን ነው?

አሠራሩን ጠይቀውኛል። አሮጌውን ኒኬል በአሲድ አወልቃለሁ፤ ናሱን እሞርዳለሁ፣ እወለውላለሁ፣ በሶዳ አጥባለሁ። ከዚያ በሽቦ አንጠልጥዬ ኒኬሉ ካለበት ገንዳ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ የቀረውን ኤሌክትሪኩ ይሠራዋል። ጣጣው ያለው ከመታጠቢያው እስከ ገንዳው ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። እዚያ መሃል ባዶ እጅ አይነካውም። የጣት ወዝ ትንሽ እንኳ ካረፈበት፣ ኒኬሉ ለጊዜው የተቀመጠ መስሎ ያታልላል እንጂ በሳምንቱ እዚያችው ላይ አብጦ ይላጣል። ይህን የማይጠነቀቅ ሰው ኒኬል አለብሳለሁ ብሎ ሱቅ መክፈት የለበትም። እዚህ መንገዱ ላይ ከእኔ ሱቅ ዝቅ ብሎ ሶብሂ የሚባል አንድ አለ፤ እኔ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ ሲያበቃ ከአፍንጫዬ ሥር የራሱን ሱቅ ከፈተ። ካልተነጋገርን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። እርስዎ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ መላክዎ ደስ ብሎኛል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርስልዎታል።

አክባሪዎ
ኡስታ ናሺድ ቢሻራ
ኒኬል አልባሽ


አስዋን
ማርች 24 ቀን 1984

ለተከበሩ ኡስታ ናሺድ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ለጉዳዩ፣ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ካገኘሁ ስለቆየሁ።

አውራ ጣቱ የአባቴ ነው። እዚህ ባቡር ጣቢያ ሹም ነበር፤ ማጫወቻውን ባገባ ዓመት ገዝቶት እስኪሞት ድረስ ክንዱን ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም። ከእሱ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት እኔ ነኝ የማነሳው። ስለዚህ ያዩት የሁለት ሰው ጣት ነው።

አስከትለው በላኩት ካርድ «ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ» ብለዋል። ሰላም ያልኩት ድመቷን ነው። አላገባሁም። ወንድሜም አልፏል።

ለምን እንደምቸኩል ጠይቀዋል፤ ልንገርዎ። ባለፈው ክረምት ግቢዬ ውስጥ ወድቄ ዳሌዬ ተሰነጠቀ። ጎረቤቴ ኡም ሂላል እስክታገኘኝ ድረስ ከጧት እስከ አሥር ሰዓት መሬት ላይ ተኝቼ ነበር። የወንድሜ ልጅ ሙኽታር ይህን ሲሰማ ከአሌክሳንድሪያ መጣና «አክስቴ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም፤ ከኢድ በኋላ እወስድሻለሁ» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም። ሚስቱ ሱሄር ግን ሳሎን አላት። ወንበሮቹ በወርቅ ቀለም የተለበጡ ናቸው፣ ላያቸው ላስቲክ ነው፣ እንግዳ ካልመጣ በሩ አይከፈትም። ለእኔ የተሰጠኝ ክፍል አልጋና ቁም ሣጥን ሲገባበት የቀረው ቦታ ለጫማዬ ነው። ስለዚህ ማጫወቻው የሚቆመው ወይ ሳሎኑ ውስጥ ነው፣ ወይ የትም።

ሙኽታር ዙሪያውን ዞሮ አየውና ራሱን ያዘ። «ይሄን ዝገት? አክስቴ በሞቴ፣ ሱሄር እኔንም ጨምራ ነው የምታባርረኝ!» አለ። ለመንኩት። በመጨረሻ «እሺ፣ ካብለጨለጨ ይገባል። ካላብለጨለጨ ለቁራሌው ነው፤ እንዳትቀየሚኝ» አለኝ።

ኡስታ፣ ሰው ይስቅብኝ እንደሆነ እንጃ፣ ያለ እሱ መሄድ አልችልም። ስልክ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ከሰው ሳገናኝ ኖሬ አንድም ቀን ለእኔ ተብሎ የተደወለ አልነበረም። ቤቴም ስልክ የለም፤ ተራ ጠብቂ ካሉኝ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ማታ ማታ አንድ ሸክላ አስቀምጣለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል። ሌላ የለኝም።

ኢንሽራህ ዑስማን


ካይሮ
ኤፕሪል 11 ቀን 1984

ለተከበሩ እህቴ ሲት ኢንሽራህ፣

ይቅርታ ይደረግልኝ። ሁለት ሳምንት ብዬ አራት ሆነ። ሁለቱንም ደብዳቤዎችዎን አግኝቻለሁ፤ ሁለተኛው ላይ እንደተቆጡ ገብቶኛል፤ ልክ ነዎት።

የክብ ራሱ ሥራ አልቋል፤ እንደ መስታወት ያበራል። ክንዱ ግን አስቸገረኝ። ከገንዳው ሲወጣ ሙሽራ ይመስል ነበር፤ በስድስተኛው ቀን አንገቱ ላይ አብጦ ተላጠ። ገንዳው ውስጥ በነከርኩት ዕለት ሰፈሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲቆራረጥ እንዲህ ያደርጋል። እንደገና ልብሱን አውልቄ ጀምሬያለሁ።

ስለ ባለቤቴ ጠይቀዋል። ማቲልዳ ከሞተች አምስት ዓመት አለፋት። ልጅ አልሰጠንም። ሱቁ ታች ነው፣ ቤቱ ላይ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ደረጃውን ወጥቼ እወርዳለሁ፤ ዓለሜ ይኸው ነው። አሁን ጾም ላይ ስለሆንን ባቄላ በውሃ፣ ባቄላ በዘይት እያልኩ እገኛለሁ። እሷ በነበረች ጊዜ ይኸው ባቄላ ሌላ ምግብ ይመስለኝ ነበር።

ብዕሬን ለምን እንደዚያ አጥብቄ እንደምጫን፣ ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ፣ ጠይቀዋል። ወረቀቱ ስስ ነው። ጤናዬ ደህና ነው።

ናሺድ


አስዋን
ኤፕሪል 19 ቀን 1984

ለተከበሩ ኡስታ ናሺድ፣

ለፋሲካ በዓልዎ እንኳን አደረስዎ። አንድ ከረጢት ከርከዴ ልኬልዎታለሁ፤ ቀዝቅዞ ሲጠጣ ነው የሚጥመው። በፋሲካ ማግስት ለሻም ኤል ነሲም በዓል ያን የሚሸት ዓሣዎን ብቻዎን እንዳይበሉት፤ ሰው ይጋብዙ። ማንን እጋብዛለሁ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔም ለራሴ እንደዚያው ነው የምለው።

«ሙሽራ ይመስል ነበር» ያሉት አሳቀኝ። ሙሽራ በስድስት ቀን ልብሷ ከተቀደደ ጥፋቱ የሰፊው ነው። አይቀየሙኝ፤ ስልክ ቤት ያለ ተረብ ቀኑ አይገፋም ነበር፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

አሁን ቁም ነገር። ሱሄር ግድግዳውን ለክታ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ማጫወቻውን ከመጋረጃውና ከመስታወቱ መሃል ልታደርገው ነው፤ «ለዓይን ይሞላል ብለሽኛል፣ እጠብቃለሁ» ትላለች። ቃል ገብቼላታለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልናገር፤ ካልወደዱት ይቅደዱት። ኤሌክትሪኩ ካስቸገረዎ፣ ያ ከእርስዎ ዝቅ ብሎ ያለው ሶብሂ ሌላ መስመር ይኖረው ይሆን? ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ጊዜው እያለቀ ፈራሁ እንጂ።

እጅዎንስ አሞዎት ነው? ፖስታው ላይ አድራሻዬን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ኢንሽራህ


ካይሮ
ሜይ 14 ቀን 1984

ለክብርት ሲት ኢንሽራህ፣

ከርከዴው ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ።

ክንዱን ሦስተኛ ጊዜ ሠራሁት። ሦስተኛ ጊዜም ተላጠ፣ እዚያው ቦታ ላይ። አሁን ምክንያቱ ተረጋግጦልኛል። ናሱ የታመመ ናስ ነው። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሠራተኞች ናሱ ውስጥ እርሳስ ይቀላቅሉ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ማንም ሰው ኒኬል ሊያለብሰው አይችልም። ማንም ስል በሠፈሬ ያሉትንም ጨምሬ ነው። ስለ ሶብሂ የጻፉትን አንብቤዋለሁ፤ አልቀደድኩትም፤ ግን እኔ ያልቻልኩትን እሱ ከየት ያመጣዋል?

በጣም አዝናለሁ። ለሥራው ምንም አልጠይቅዎትም። ክንዱን መቼ እንደምልክ ይንገሩኝ።

ናሺድ ቢሻራ


አስዋን
ሜይ 20 ቀን 1984

ለተከበሩ ኡስታ ናሺድ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ገባ። አይዘኑ፤ ሦስት ጊዜ ደክመውበታል። እርስዎን የመሰለ ባለሙያ ናሱ ታሟል ካለ ታሟል።

ለሙኽታር ነገርኩት። ጎረቤት ቤት ደውሎ ነበር፣ ኡም ሂላል ተሸክማ ልትወስደኝ ምንም አልቀራት። «አየሽ አክስቴ፣ ሁሉም ነገር ዕድሜ አለው» አለኝ። ነገሩ ካለቀ ለምን እስከ ኢድ እንቆያለን አለና ቀኑን ወደዚህ አመጣው፤ ረመዳንን እነሱ ዘንድ እንድጾም ማክሰኞ 29 ሊወስደኝ ይመጣል። ቁራሌው ሰኞ ጧት ይመጣል፤ ሳጥኑን፣ ጥሩንባውንም፣ ሸክላዎቹንም አንድ ላይ ይወስዳቸዋል።

ማልቀሴን ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግረው። ለሙኽታር «ገላገለኝ» ነው ያልኩት።

ክንዱን መልሰው አይላኩ። አካል የሌለው ክንድ ምን አደርግበታለሁ? ክብ ራሱንም እዚያው ያስቀሩት። በሥራዎ መሃል ለእኔ መልስ ለመጻፍ ስላልታከቱ እግዜር ይስጥልኝ። ፖስታ ቤት ድረስ በበትር እየተመረኮዝኩ ስሄድ፣ ዘንድሮ የሚጠብቀኝ ነገር ነበር።

ኢንሽራህ ዑስማን


ካይሮ
ሜይ 28 ቀን 1984፣ ሰኞ

ሲት ኢንሽራህ፣

አይሽጡት። ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ቴሌግራሜ እንደሚደርስ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ዛሬ ጧት መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ናሱ ደህና ነው። ናሱ ምንም ሆኖ አያውቅም። ዋሽቼዎታለሁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች ደንዝዘዋል። መጀመሪያ ያወቅሁት ሲጋራ ሲያቃጥለኝ ነው፤ የነገረኝ ሕመሙ ሳይሆን ሽታው ነው። ብዕር ስይዝ መያዜን የማውቀው ወረቀቱ ሲቀደድ ነው። ፖስታዎቹ ላይ አድራሻ የሚጽፍልኝ ባለ ዳቦ ቤቱ ነው። ክንዱ አንገቱ ላይ ሲላጥ ገና በመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል፤ ሽቦውን ይዤ ወደ ገንዳው ስወስደው አውራ ጣቴ ወርዶ ናሱን ሲነካው አላውቅም። ሦስቴም እንደዚያው አደረግሁ። ኤሌክትሪክ አልጠፋም ነበር።

ይህን ለማንም መናገር አልቻልኩም። ኒኬል አልባሽ ጣቱ የት እንዳለ ካላወቀ ምኑን ኒኬል አልባሽ ሆነ? ስለዚህ ናሱን አሳመምኩት።

የባሰውን ልንገርዎ። የሃያኛው ቀን ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድኩ። ከቅዳሴ መልስ ነው እግሬ ወደ ሶብሂ ቤት የወሰደኝ። በሩን ሲከፍት ደነገጠ፤ «ኡስታ፣ ማን ሞተ?» ነው ያለኝ።

ክንዱን ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደና አገላብጦ አየው። «ኡስታ፣ ይሄ እባጭ እኮ የአውራ ጣት ቅርፅ አለው» አለ።

«ናሱ ነው» አልኩት። እዚያም ዋሸሁ።

«በዚች ጥፋት አይደል እንዴ በጥፊ ያጮሉኝ? ሃያ ዓመት ሆነው፣ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል» አለና ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። «እስቲ እጅዎን ይስጡኝ» አለ። መርፌ አንስቶ አውራ ጣቴን ወጋው። መውጋቱን ያወቅሁት ደሙ ሲወጣ ነው። ሚስቱን ጠርቶ «ለኡስታ ወንበር አምጪላቸው» ሲላት ድምፁ ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

እዚያው ሱቁን ከፍቶ ጀመረው። ዛሬ ከምሳ በፊት አልቋል። ፊቴን አየሁበት። በፈጣን ፖስታ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ማክሰኞ ሙኽታር ይወስደኛል ብለዋል፣ የአሌክሳንድሪያ አድራሻዎን አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ኡም ሂላል ታስተላልፍልኛለች ብዬ ነው የምጽፈው። ክንዱን የት ልላክ? ሳጥኑን አስቀርተውት ከሆነ ለሙኽታር ይንገሩት፤ ያብለጨልጫል፣ ሱሄርም ትደሰታለች።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የለኝም።

ናሺድ


አሌክሳንድሪያ
ጁን 20 ቀን 1984

ኡስታ ናሺድ፣

ደብዳቤዎ በኡም ሂላል በኩል ደርሶኛል። ሳልመልስ የቆየሁት ጾም ስለያዝኩ አይደለም። ተናድጄ ነው፤ አሁንም ተናድጃለሁ።

ቴሌግራሜ ይደርሳል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ደርሷል። ሰኞ ዕለት ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አገኘሁት። ቁራሌው የመጣው ግን ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሳጥኑን ሲያነሳ «ክንዱስ የታል?» አለኝ። «ሐኪም ቤት ነው» አልኩት። ሳቀ። ጥሩንባውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ደፍቶት ጋሪውን እየገፋ ሄደ፤ እኔም እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከተልኩት፤ ለምን እንደተከተልኩት አላውቅም። ቴሌግራሙን ሳነብ በትሬን ይዤ ወጣሁ። ኡም ሂላል «እሜቴ፣ ዳሌሽን!» እያለች ከኋላዬ ትሮጥ ነበር። የቁራሌው ግቢ ስንደርስ ሚስቱ ብቻ ነበረች። ያገኘውን ሁሉ ጭኖ ዳራው ወደምትባለው ከተማ ገበያ ሄዷል። ማክሰኞ ሙኽታር ወሰደኝ። በባቡር መስኮት ዳራውን ሳየው አለፍኩ፤ ባቡሩ እዚያ አይቆምም።

ኪስዎ ውስጥ ስለዋለው ደብዳቤ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ቴሌግራሙን ያን ቅዳሜ ቢልኩት ኖሮ ቁራሌው ሳይመጣ ይደርሰኝ ነበር። ኤፕሪል ላይ እጄ ደንዝዟል ቢሉኝ ደግሞ የሰው እጅ እንዲዋሱ እለምንዎ ነበር እንጂ በእጅዎ አልስቅም። አባቴም በመጨረሻው ዓመት ክንዱን ማንሳት አቅቶት ነበር። እጁን ይዤ አብረን ነበር የምናነሳው። ይህን ብነግርዎ ኖሮ ምናልባት ደፍረው ይነግሩኝ ነበር፤ እኔም አልነገርኩዎትም፤ አልጠየቁኝምና።

እዚህ ምን እንደምመስል ልንገርዎ። ይንከባከቡኛል። ቤቱ ቴሌቪዥን ነው፣ ልጆች ናቸው፣ ጩኸት ነው፤ ለእኔ የሚሆን ግን አንድም የለበትም። ከመጋረጃውና ከመስታወቱ መሃል ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። ሱሄር ስለ ክንዱ ሰምታ «ይላኩት እንጂ፣ ከብርጭቆ ዳክዬዎቹ ጋር ቁም ሣጥኑ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ያምራል» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። አይሆንም አልኳት። ሸክላ ላይ ያረፈ ክንድ ከዳክዬ ጎን ሲቀመጥ ማየት አልችልም።

ስለዚህ አይላኩልኝ። እዚያው ሶብሂ ሱቅ ይሰቀል። ማጫወቻ ይዞ የሚመጣ፣ ክንዱ የጠፋበት ሰው አንድ ቀን አይጠፋም። ያለ ዋጋ ይስጡት። ሲያብለጨልጭ አይቶ «ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርስዎ ዝም እንዳይሉ፣ ናሱንም እንዳያሙ፤ ሶብሂ ነው ይበሉት።

እኔ ከእንግዲህ ደብዳቤ አልጠብቅም፤ ፖስታ ቤቱም ሩቅ ነው። ከመጣ ግን አነበዋለሁ።

ኢንሽራህ ዑስማን